ወዴት አኖራችሁት?

ምሕረት እባላለሁ። አፌን የፈታሁት በሲዳምኛ ነው፤ ያደግኩትም ጉባኤና መዝሙር በማይታጣበት የፕሮቴስታንት ቤት ውስጥ ነው። ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ስቀጠር አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የምነግራችሁ ነገር የደረሰው በዚያ ግቢ ነው። ልረሳው ሞክሬ አልሆነልኝም። አሁንማ መርሳቱንም አልፈልግም።

በዚያን ጊዜ ለነገር ሁሉ የምቸኩል ሰው ነበርኩ። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ዓመት አንብቤ ልጨርስ ብዬ ስልኬ ላይ መርሐ ግብር ጭኜ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እንግዳ ሲያንስ ከዴስኩ ጀርባ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ አስከትል ነበር። ዛሬ ጠዋት ምን አነበብሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን ከመጽሐፉ ስም በቀር ሌላ አልነግራችሁም ነበር።

አከራዬ እማማ በላይነሽ የኦርቶዶክስ ሰው ናቸው። ወሎ ተወልደው፣ መምህር ባላቸው ወደዚህ ሲዛወሩ አብረው መጥተው፣ እዚሁ ቀሩ። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ብሩክ ይባላል።

በገባሁ ሰሞን ግድግዳው ላይ ፎቶውን አየሁና፣ "ልጅዎ የት ነው ያለው እማማ?" አልኳቸው።

"መንገድ ላይ ነው" አሉኝ።

የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ኋላ ጎረቤት ናት የነገረችኝ። ብሩክ ከዓመታት በፊት ደላላ ተከትሎ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ናይሮቢ ሲደርስ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። እማማ በላይነሽም ለቅሶ አልተቀመጡም። "ነፍስ ይማር" ያላቸውን ሰው ከዚያ ወዲያ አያናግሩትም።

ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሰዎች የወዳጆቻቸውን የክርስትና ስም ለካህን ይሰጣሉ። ካህኑም በጸሎት ጊዜ የሕያዋኑን ለብቻ፣ የሙታኑን ለብቻ ይጠራሉ። እማማ በላይነሽ የልጃቸውን ስም ለየትኛውም ሰጥተው አያውቁም።

"ከሕያዋን ጋር ባስጠራው፣ ሞቶ እንደሆነ ያለ ጸሎት አስቀረሁት" አሉኝ አንድ ቀን። "ከሙታን ጋር ባስጠራው፣ በሕይወት ያለ ልጄን በአፌ ገደልኩት። ታዲያ እንዴት ላድርግ ልጄ?"

ልብስ ማስጣት አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቃሉ። እኔ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ከምሳ በኋላ ቤት እገባለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በዚያች መሐል ባለችው ሰዓት በረንዳው ላይ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። የፈለጉት የአልዓዛርን ታሪክ ነበር፤ ከዮሐንስ ወንጌል።

እኔም ደስ ብሎኝ ምዕራፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩላቸው።

"ጨረስሽ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"ማን እያሳደደሽ ነው?"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። "ቃል እንደ ኪኒን አይዋጥም ልጄ፤ ይታኘካል። በይ የመጀመሪያዋን ብቻ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "አንድ ሰው ታሞ ነበር ነው የሚለው አይደል?" አሉ። "አስቢው፤ ስሙንና ሕመሙን አንድ ላይ ነገረን።" የዚያ ቀን ንባብ በዚህ አለቀ።

በየቀኑ አንዲት ቁጥር። አንዳንዷ ሁለት ቀን ትወስዳለች። መጀመሪያ ላይ እሰለች፣ እያዛጋሁም ሰዓቴን አይ ነበር። እያደር ግን ነገሩ ይዞኝ መጣ። ስንቴ ያለፍኩበት ታሪክ ውስጥ ሰው እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ማርታ እንግዳዋን ልትቀበል መንደሩን አልፋ ስትሮጥ አየኋት። ማርያም ቤት ቁጭ ብላ ለምን እንደቀረች ገባኝ። መጽሐፉን ዘግቼ ክፍሌ ስገባም ሰዎቹ ተከትለውኝ ይገባሉ።

ከዚያ ጌታ ወደ መቃብሩ ሊሄድ ሲል የጠየቃት ጥያቄ ላይ ደረስን። ወዴት አኖራችሁት? ይላል።

እማማ በላይነሽ እጃቸውን አነሡ። "ድገሚ።"

"ወዴት አኖራችሁት?"

"እሱ እንኳ ጠየቀ" አሉ በሹክሹክታ።

"እሱማ ያውቃል እማማ፤ ለሰዎቹ ብሎ ነው የጠየቀው" አልኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት እንደዚያ ነው።

"ዝም በይ ልጄ። የሚያውቁማ ብዙ ናቸው። እኔ የቸገረኝ የሚጠይቅልኝ ነው።"

በማግስቱ ወደሚቀጥለው ልሄድ ስል፣ "አይ፣ እሷኑ" አሉኝ። በሦስተኛውም ቀን እሷኑ። ሳምንት አለፈ፤ እማማ በላይነሽ ከዚያች ጥያቄ ንቅንቅ አልል አሉ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ልማዴ ነው፤ በየቀኑ ከሰዓት በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ "ወዴት አኖራችሁት?" እላለሁ። ዝም እንላለን። ደግሜ እላለሁ።

ጥያቄዋ ሥራ ቦታም ተከትላኝ መጣች። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ከዴስኩ ፊት ቆሞ "ሻንጣዬን የት አኖራችሁት?" ሲለኝ የያዝኩትን ቁልፍ ጣልኩት። ሰውዬው "አሞሻል እንዴ?" ብሎኛል።

እግሮቹን ያየሁት በዚያው ሳምንት ነው።

የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ክፍት ነው። እያነበብኩ ቀና ስል፣ ከበሩ ሥር ሁለት ጫማዎች ቆመው አየሁ። አፈር የበላቸው ጥቁር የወንድ ጫማዎች ናቸው፤ ጫፋቸው ወደ እኛ ዞሯል። የሚያንኳኳ መስሎኝ ጠበቅኩ። አላንኳኳም። ጥያቄዋን ደግሜ ሳነብ ጫማዎቹ ወደ ኋላ አሉና ጠፉ።

በማግስቱም መጡ። ተነሥቼ በሩን ስከፍት መንገዱ ጭር ብሏል፤ የሐይቁ ነፋስ አቧራ ያነሣል፣ ከወፍጮ ቤቱ የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ግን የለም። ተመልሼ ስቀመጥ እማማ በላይነሽ ፊታቸውን ወደ በሩ መልሰው ነበር።

"አንቺም ሰማሽው?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"በር ላይ ቆሞ የሚተነፍሰውን።"

ስለ ጫማዎቹ አልነገርኳቸውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። በእኛ ቤት ሙት ይመለሳል አይባልም። ያም ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳነብ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ነው። በሩን ላለማየት ዓይኔን ከገጹ አልነቅልም፤ ሳላየውም መኖሩን አውቃለሁ። ሰውዬው ሲመጣና ሲሸሽ ቆርቆሮው ራሱ የሚናገር ይመስላል።

የሲዳማ ዘመን መለወጫችን ፍቼ ጫምባላላ የዋለው በዚያው ጾም ውስጥ ነበር። ፈቃድ ወስጄ፣ የባህል ልብሴን ለብሼ፣ ጠዋት ከቤተሰቦቼ ጋር በዓሉ በሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ፣ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን እማማ በላይነሽ እንደሚጠብቁኝ ሳስብ አላስችል አለኝና ከጭፈራው መሐል ወጥቼ መጣሁ። ሰፈሩ ባዶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደዚያው ወጥቷል። የጉዱማሌ ዜማ ነፋስ ሲያመጣው ይሰማል፣ ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል።

ልብሴን ሳልቀይር ተቀመጥኩና አነበብኩ። "ወዴት አኖራችሁት?"

በሩ ተንኳኳ። ቀስ ተብሎ፣ በአንድ ጣት።

ስከፍት ሠላሳ ዓመት ያለፈው አይመስልም፤ ቀጭን፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ነው። መጀመሪያ ጫማውን አየሁ። እሱ ደግሞ ልብሴን አየና ትንፋሹን ለቀቀ። "አይዴ ጫምባላላ" አለኝ፤ የበዓሉ ሰላምታችን ነው። መለስኩለት። ከዚያ በሲዳምኛ፣ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ቃል ተናገረ።

"በየቀኑ የምትጠይቂኝ አንቺ ነሽ?"

"ምን ጠየቅኩህ?"

"የት እንዳኖርኩት።"

የበሩን እጀታ ያዝኩ። ከበረንዳው እማማ በላይነሽ ተጣሩ። "ማነው ምሕረት?"

ዞር ብዬ አየኋቸው።

"አስገቢው እንጂ! ስንት ቀን ቆሞ!" አሉ።

ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስሙን ማርቆስ አለ፤ ከአለታ ወንዶ ነው። አማርኛው ይሰባበራል፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከቷቸዋል። እማማ በላይነሽ ወደ ድምፁ ዞሩ።

"ከልጄ ጋር ነበርክ።" አልጠየቁትም፤ ነገሩት እንጂ።

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያው አትቸኩል። አንዲት ነገር ትነግረኝና ዝም ትላለህ። ቀጥል ስልህ ትቀጥላለህ።"

ወንጌሉን እንደሚያስነብቡኝ አስነበቡት ብል ይቀለኛል።

"ከሞያሌ አብረን ወጣን" አለ ማርቆስ።

ነፋሱ ዜማውን አምጥቶ መለሰው።

"ቀጥል።"

"መኪና ውስጥ ከጭነት ሥር ተኛን። ትንፋሽ ያጥራል። ብሩክ ያስቀን ነበር።"

"ይቺን ድገማት።"

"ብሩክ ያስቀን ነበር።"

እማማ በላይነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸው ሳቅ የሚመስል ነገር አሳየና ተመልሶ ጠፋ። "ቀጥል።"

"ከዚያ ጫካ ነው። በእግር ነው። አገሩን አላውቀውም፤ አንዱ ታንዛኒያ ነው ይላል፣ አንዱ አልፈናል ይላል። ብሩክን ትኩሳት ያዘው። ወባ ይመስለኛል። መራመድ አቃተው።"

አሁን እማማ በላይነሽ "ቀጥል" ለማለት ቆዩ። እኔ ተነሥቼ የሰውዬውን አፍ በእጄ ልከድነው ፈለግኩ።

"ቀጥል ልጄ።"

"ደላላው ተዉት አለ። ሰዎቹ ሄዱ። እኔ ቀረሁ።"

"ለምን ቀረህ?"

"አላውቅም እማማ። እግሬ እምቢ አለኝ።"

አንድ ሌሊት አድረው ጎሕ ሲቀድ ብሩክ ማረፉን ነገራቸው። እማማ በላይነሽ አልጮኹም። እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይዞ ቀርቷል። ከዚያ፣ እኔ ስንት ቀን ሳነብላቸው የነበረውን ቃል፣ በራሳቸው ድምፅ ጠየቁት።

"ወዴት አኖራችሁት?"

ማርቆስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "ይኸው ነው" አለ። "ቤቱን ብሩክ አመልክቶኝ ነበር፤ ልነግርዎት መጣሁ። በር ላይ ስደርስ ይሄ ነገር ይጠየቃል። አወቁ ማለት ነው ብዬ እሸሻለሁ። ነገ እመጣለሁ፤ አሁንም ይጠየቃል። የምተኛበትም ድረስ ይመጣል እማማ።"

"እኮ ወዴት አኖርከው?"

"ትልቅ ዛፍ ሥር። አፈሩ ቀይ ነው። በእጄና በምንበላበት ሳህን ቆፈርኩ። ጥልቅ አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድንጋይ ግን ብዙ ጫንኩበት፤ አውሬ እንዳይነካው።"

"ፊቱንስ?"

"ፀሐይ ወደምትወጣበት። እሱ ራሱ ነው እንደዚያ አድርገኝ ያለኝ።"

እማማ በላይነሽ ወደ ፊት አጎነበሱ። "ስሙን ነግሮሃል?"

"ብሩክ…"

"እሱን አይደለም።"

ማርቆስ ዓይኑን ጨፈነ። ቃሉን ከሩቅ ቦታ እንደሚያወጣ ሰው፣ ክፍል በክፍል፣ "ፍቁረ… ፍቁረ እግዚእ" አለ። "ትርጉሙን አላውቅም። 'ለእናቴ ንገራት፣ እሷ የት እንደምትወስደው ታውቃለች' አለኝ። እኔን ከዚያ ፖሊስ ያዘኝ፤ ታሰርኩ። ብዙ ጊዜ ነው የታሰርኩት። ስሙ እንዳይጠፋኝ ጠዋት ጠዋት ለራሴ እጠራው ነበር።"

ያን የክርስትና ስም ከእናቱና ከንስሐ አባታቸው በቀር የሚያውቅ ሰው ሀዋሳ ውስጥ አልነበረም። እማማ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቆይተው "ምን ብለህ ቀበርከው?" አሉት።

"የእናንተን ጸሎት አላውቅም እማማ። በሲዳምኛ ነው የጸለይኩት።"

"በል አሁንም በለው።"

ማርቆስ ተነሥቶ ቆመ። ጸለየ። እማማ በላይነሽ ወደ እኔ ዞሩ፤ መተርጎም እንዳለብኝ ገባኝ። ብዙ ሰው ፊት ዘምሬአለሁ፣ ጸልዬአለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አፌ ከብዶኝ አያውቅም።

"ጌታ ሆይ" አልኩ፣ "ይህ ሰው ወንድሜ አይደለም፤ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት። እናቱ ግን አንድ ቦታ ትጠብቀዋለች። እኔ ካፈር በላይ ያለውን አደረግኩ። ከዚህ በታች ያለውን አንተ ታውቃለህ። አደራ።"

"አሜን" አሉ እማማ በላይነሽ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው እስካሁን የሚያስደነግጠኝ። ዳበስ ዳበስ እያሉ ተነሡና "ምሳ በልተሃል?" አሉት። አልበላም ነበር። ለጾማቸው የተሠራውን ምስር ወጥ ራሳቸው አቀረቡለት፤ ልረዳቸው ስል እጄን መለሱት። እሱ እንባው እየወረደ ጎረሰ፤ እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው "ብላ፣ ብላ" ይሉታል። ከበላ በኋላ እጁን አስታጠቡት። ያን ጊዜ ብቻ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና ግቢው መሐል ቆሙ።

"ብሩኬ!" አሉ።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች ከሲታ ሴት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። ለዓመታት የታመቀ ለቅሶ ነው። ከጉዱማሌ የሚመለሱ ጎረቤቶች የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ገቡ፤ ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ድንኳን ተተከለ። ማርቆስ ከዘመድ ጋር ተቀመጠ።

ፍትሐቱ ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ እንዲደርስ ካህኑ ተቻኮሉ። እኔም ነጠላ ተውሼ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቆምኩ፤ ማርቆስ ከዛፍ ሥር ቆመ። "ፍቁረ እግዚእ" ተብሎ ከሙታን ጋር ሲጠራ እማማ በላይነሽ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። በማግስቱ በረንዳው ላይ ጠርተውኝ "በይ ቀጥዪ" አሉኝ። የምትቀጥለዋ ጌታ ያለቀሰባት አጭር ቁጥር ናት። እሷ ላይም ብዙ ቀን ቆየን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ዛሬም በፊት በነበርኩበት እምነት ነኝ። የስልኩን መርሐ ግብር ግን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። ቃሉን ሳነብ ሌላ ሰው የሚያዳምጥ ይመስለኛል፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሸሽ አላውቅም። ለእናት መጽናኛ ብዬ ያነበብኩት ቃል ለአንድ ሰው ስንት ቀን እንቅልፍ ነሥቶት ነበር። አንዳንድ ጊዜ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሆን ብዬ ከፍ አደርገዋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ማርቆስን ልሸኘው ስወጣ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዞር እንዳልን ቆመ። "ለእማማ ያልነገርኳቸው አለ" አለኝ። "ከብሩክ በፊት ሌላ ሰው ሞቷል። መኪናው ውስጥ ነው፤ ጨለማ ነበር። አጠገቤ ነው የተኛው። ስሙን አልጠየቅኩትም። መንገድ ዳር ነው ያወረዱት።"

"ከየት ነው?"

"አላውቅም። ሲያቃስት እናቱን ይጠራ ነበር። እናቱን ደግሞ ሁሉም በራሱ ቋንቋ ነው የሚጠራው፤ ቋንቋውን አላወቅኩትም።"

ይህን ይዤ ብዙ ቀን ከቆየሁ በኋላ ለእማማ በላይነሽ ነገርኳቸው። በቀጣዩ እሑድ ከካህኑ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲነጋገሩ አየኋቸው።

አሁን በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሙታን ስም ሲጠራ፣ ካህኑ "ፍቁረ እግዚእ" ካሉ በኋላ ወደሚቀጥለው ስም ወዲያው አይሄዱም። አንድ ስም የሚያህል ጊዜ ዝም ይላሉ። ምክንያቱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እማማ በላይነሽ በዚያ ዝምታ ውስጥ ጎንበስ ይላሉ፤ የሆነ ቦታ ያለች አንዲት ሴት ማልቀስ ይሁን መጠበቅ ቸግሯት እንደተቀመጠች ያውቃሉ።